ባለጌ የተባሉት አራት ካርቶኖች

እኔ እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ድረስ ባለጌ ተብዬ አላውቅም። ምላሰኛ ተብያለሁ፣ ግትር ተብያለሁ፣ «ባሏን ያባረረችው በአፏ ነው» ተብያለሁ፤ ይሄኛው እንኳ ሐሰት አይደለም። ባለጌ ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ይህን ማዕረግ ያገኘሁት ስለ ኩላሊት፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ንብ በማንበቤ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ጅቡቲ ተወልጄ እዚሁ ጅቡቲ እያረጀሁ ያለሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ነው፤ በፊት ለፊቱ ክፍል የስፌት መኪናዬ፣ በጓሮው ክፍል እናቴ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛ፣ ገበያ ዐረብኛ፤ ሁሉንም እያቀላቀልን ነው ያደግነው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሞተና ደብተሩን አስቀምጬ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ነገር ቢኖር የመድኃኒት ወረቀትና የመብራት ቢል ነው።

መጻሕፍቱ የመጡት ከአንዲት ፈረንሳዊት መምህርት ነው። ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል የሰፋሁላትን መጋረጃ እንዳወርድላት ጠራችኝ። ሳሎኑ ባዶ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ አራት ካርቶን ብቻ ተቀምጧል። «ውሰጃቸው፤ ለአውሮፕላን ይከብዳሉ» አለችኝ። በአራቱም ካርቶን ጎን ላይ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ «ቩልጋሪዛስዮን» ተብሎ ተጽፏል። የመምህር ጽሕፈት ስለሆነ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሐኪሙም መሐንዲሱም የሚያውቁትን፣ ሙያው ለሌለው ሰው በሚገባ ቋንቋ የጻፉት ነው» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የወሰድኳቸው ለመጽሐፉ ብዬ አልነበረም፣ ለካርቶኑ ነው። ጠንካራ ካርቶን ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላስቀምጥበት አሰብኩ። አንዱን ልገለብጥ ስል እጄ ላይ የቀረው መጽሐፍ የዓሣ ሻጮቹ «ፑልፕ» ስለሚሉት ስለዚያ ስምንት እግር ስላለው የባሕር ፍጥረት የሚያወራ ነበር። ቆሜ ገለጥኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ጅቡቲ ከቀትር በኋላ የሚሠራ የለም። ጫቱ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጉንጩን ይሞላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሞ ማንንም አላሳልፍ ይላል። እኔ እግሬን ውኃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ቬንቲላተሩን ፊቴ ላይ አዙሬ ማንበብ ጀመርኩ። ፈረንሳይኛዬ ዝጓል። አንዱን ገጽ እስክጨርስ የስንት ሰው ቀሚስ በሰፋሁ ነበር! የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቴን ከሳጥን አወጣሁ፤ የደረስኩበትን ገጽ በክር እያመለከትኩ ቀጠልኩ።

የገባኝ መሆኑን የማረጋግጠው በእናቴ ነበር። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ያነበብኩትን በአማርኛ እነግራታለሁ፤ ካልገባት «ይሄ አልገባኝም፤ አንቺም የገባሽ አይመስለኝም» ትለኛለች። ተመልሼ አነባለሁ። እሷ «አሃ!» ካለች አልፋለሁ። ስለ ንቡ ሳነብላት እኔን ማረም ሁሉ ጀምራ ነበር፤ በልጅነቷ ቀፎ አይታለች፣ እኔ ቀፎ የት አውቃለሁ?

ጎረቤቴ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ ሙስሊም፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊና ጨርቅ ነጋዴ እንደሚሆኑት ግማሽ እህት ግማሽ ባላንጣ። በባቡር ናጋድ ጣቢያ የገባ ጨርቅ ልታሳየኝ አንድ ቀን ስትገባ ለእማዬ እያወራሁ አገኘችኝ። ያ የባሕር ፍጥረት ሦስት ልብ እንዳለው ስትሰማ ጥቅሉን ወረወረችውና፣ «ሦስት! የእኔ ሰውዬ እኮ አንዱን የት እንደጣለው እንኳ አያውቅም!» አለች። እማዬ እስክታስል ሳቀች። ጎረቤቴም እየወጣች፣ «ይሄን ለብቻችሁ መብላት ሐራም ነው» አለችኝ።

የእሑዱ ንባብ እንዲህ ተጀመረ። የሐበሻው እድራችን አንድ ቆርቆሮ ክዳን አዳራሽ አለው፤ ከጎኑ ድስቱ፣ ድንኳኑና አግዳሚው የሚቀመጥበት እቃ ቤት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ እዚያ ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ካርቶኖቹን እቃ ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ቁልፉን የሰጠኝ ራሱ ሊቀ መንበሩ ነው፣ ጨርቅ መስሎት። አንድ እሑድ አንዱን መጽሐፍ ይዤ ወጣሁና በፈረንሳይኛ እያየሁ በአማርኛ ማውራት ጀመርኩ። መጀመሪያ አምስት ሴት ነበርን። በሁለተኛው ወር ወንበር ጠፋ። ሰው ቤት የምትሠራው መጣች፣ ሻይ የምትሸጠው መጣች፤ ጎረቤቴ የእድሩ አባል ሳትሆን ከሁሉም ቀድማ ፊት ወንበር ትይዝ ነበር።

ምኑን ያላነበብነው አለ? የኩላሊቱን ሰምተው በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ጠርሙስ ውኃ ይዞ መጣ። ጨው ስንት ከተማ እንዳቆመና ስንት ከተማ እንዳፈረሰ ሳነብላቸው፣ ሻይ ሻጯ «እኛ ጨው ላይ ተኝተን ድሃ የሆንነው ታዲያ ለምንድን ነው?» አለች። የቆምንበት መሬት ጥፍር እንደሚያድግ ቀስ እያለ እየተሰነጠቀ መሆኑን የሰሙ ዕለት ደግሞ ሁሉም እግሩን አነሳ። ቁምነገሩ ይሄ ነው፤ ማንም «ይሄ ለእናንተ አይሆንም» ሳይለን ገባን። ዓለም የሚያወራውን ከሥር ከሥሩ እየሰማን ነበር፣ ደስ ይል ነበር፣ እግዜር ያውቃል እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

አንድ እሑድ ልጅ ከእናትና ከአባቱ ምን እንደሚወርስ የሚናገረውን አነበብኩ። ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። አምስት ሴት ልጆች የወለደች ሴት ከኋላ ተቀምጣለች። ባሏ «ማሕፀንሽ ወንድ አያውቅም» እያለ ዕድሜዋን የፈጃት ሴት ናት፤ ይህን የማያውቅ የለም። «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩ። «ከማን ነው ያልሽው?» «ከአባት።» ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሳች፣ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ግን ያለችውን ሁሉ ደግ አድርጋለች። ችግሩ ባልየው የእድሩ ኮሚቴ አባል ነበር።

በዚያው ሳምንት ሰው ሞተና ሊቀ መንበሩ ድንኳን ሊያወጣ እቃ ቤት ገባ። ሊቀ መንበራችን ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን ወደቡ ላይ በትራንዚት ሥራ የጨረሰ፣ በፈረንሳይኛው የሚኮራ ሰው ነው። የእኔ ካርቶኖች ፊቱ ተደርድረዋል። አነበበ። «ቩልጌር» በፈረንሳይኛ ባለጌ ማለት ነው፤ ይሄንን ወደብ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስድቡን ቀድሞ ነው የሚማረው። እንግዲህ «ቩልጋሪዛስዮን» ምን ይሆናል? ማባለግ! አራት ካርቶን ሙሉ የማባለጊያ መጽሐፍ፣ ከሬሳ ድንኳን ጎን! ሰውየው ካርቶኑን ከፍቶ አንዲት ገጽ አልገለጠም። መግለጡም ያባልጋል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ወሬው ከሱ ቀድሞ እኔ ጋ ደረሰ። ጎረቤቴ እየሮጠች መጥታ፣ «አንቺ ጉደኛ! ሴቶቹን ባለጌ ፊልም የመሰለ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች እየተባለ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ኩላሊት ባለጌ! ንብ ባለጌ! «በይ አንቺ ሳቂ፣ እነሱ እየሳቁ አይደለም» አለችና ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ኮሚቴው ማኅተም መትቶ በእሷ እጅ ልኮታል። መጻሕፍቱን ለኮሚቴው እንዳስረክብና በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ፣ አለበለዚያ የቤታችን ስም ከእድሩ መዝገብ እንደሚሰረዝ ይላል።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእናቴ ነው። እማዬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ እያበጠ፣ ትንፋሿ እያጠረ መጥቶ ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ወስዶኝ ልቧ ደክሟል፣ ተዘጋጂ ብሎኛል። ለእሷ አልነገርኳትም፤ በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። «ደም ግፊት ነው» አልኳት፣ አበቃ። እና አሁን የምትቀበርበትን እድር ሊነጥቋት ነው። ለማያውቅ ሰው እድር ድስትና ድንኳን ይመስለዋል። በሰው አገር ግን እድር ማለት ኮሚን የሚሉት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ወረቀት የሚያስፈርም፣ አስከሬን የሚያጥብ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ በዚያ ሙቀት ሬሳ ሳይውል ሳያድር አፈር የሚያለብስ ሰው ነው። እኔ ወንድም የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እድር ከሌለ እናቴን በስፌት መኪናዬ ልቀብራት ነው?

እሑድ መዝገበ ቃላቴን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አድርጎ፣ «ልጄ፣ የተከሰስሽበትን ታውቂያለሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ። የተከሰስኩት በአንድ ቃል ነው። ቃሉን እርስዎ ራስዎ ያንብቡልን» ብዬ መዝገበ ቃላቱን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ጣቱን አስኬደ፤ አፉን እያንቀሳቀሰ ለራሱ አነበበ። «ጮክ ብለው ያንብቡት እንጂ» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ፣ ሰው ይሙት፣ እንደ ወንድ አነበበው፦ «ዕውቀትን ለብዙው ሰው እንዲገባ አድርጎ ማቅረብ።» ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

እኔ ግን አፌ አርፎ አያውቅም። «የገጠሩን ሰው ባላገር እንለዋለን» አልኩ፤ «አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። እኛ ግን ስድብ አድርገነዋል። ፈረንሳዮቹም ያው ናቸው፤ «ብዙው ሰው» ማለት የነበረውን ቃል ይዘው «ባለጌ» አደረጉት። ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ብዙው ሰው ሲያውቅ የሚያማቸው ናቸው።»

አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያ የአምስት ሴት ልጆች አባት ተነሳ። «ቃሉ ይሁን እሺ» አለ። «ግን ይህች ሴት የሴት ማሕፀን ውስጥ ምን ገባች? ማንን አስፈቅዳ ነው ትዳር የምታምሰው?» አዳራሹ ተንጫጫ። ይኸው! ነገሩ ቃሉ አልነበረም። ቃሉ እንደ ሰበብ ከመንገድ ላይ የተለቀመ ድንጋይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። እጁን አነሳና እንደ ሽማግሌ ነገሩን ሊያለሰልስ ሞከረ። «ልጄ፣ ለሽማግሌ ሲባል አጥፍቻለሁ በይና ይለቅ። መጻሕፍቱንም ቤትሽ ውሰጃቸው፤ እዚህ ማንበቡ ይቅር።»

«ምን አጥፍቼ ነው አጥፍቻለሁ የምለው?»

«ኧረ ባክሽ፣ ወግ ነው እኮ። በይና ይለቅ።»

«ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ አልልም። ወግ ከሆነ እሳቸው ይቅርታ ይበሉ» አልኩ፣ ባልየውን በአገጬ እያመለከትኩ፤ «የአምስት ልጆች እናት ጥፋት ሳይኖርባት ዕድሜ ልኳን ተወቅሳለች።» ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ነበር የሚጮኸው። በመጨረሻ አንድ ሳምንት ሰጡኝ። በሚቀጥለው እሑድ ይቅርታ ካልጠየቅኩ ስማችን ይሰረዛል።

ያ ሳምንት ሳምንት አልነበረም። ስሰፋ እጅጌውን በአንገት በኩል ገጠምኩ። ጎረቤቴ በየቀኑ መጥታ ትጨቀጭቀኝ ነበር። «ልብ አድርቅ ነሽ እኮ! ሁለት ቃል ነው፤ ‹አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ።› አፍሽ አይላጥ! እናትሽስ?» ትለኛለች። እናትሽስ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ የማልሰማ መስዬ መኪናውን እረግጠዋለሁ። እውነቷን ነው፤ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና፣ አባቴን በእድር የቀበርኩ እኔ አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ይቅርታውን በአፌ ተለማመድኩት። አራተኛው ቀን ላይ ያቺ የአምስት ልጆች እናት ቀሚስ ልታሳጥር መጣችና ስትወጣ እጄን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርታው ከአፌ አልወጣ አለ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ።

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ሌላ ነገር ለመደበቅ የለመደች ሴት ይሄን መደበቅ አያቅታትም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ነጭ ቀሚሴን ተኩሽልኝ» አለችኝ። «ወዴት ልትሄጂ?» አልኳት፤ ከሽንት ቤት በቀር የትም አትሄድም ነበር በዚያን ጊዜ። «እድር ነገ አይደል? ክፍያውን የምከፍለው እኔ፣ ስሙ የእኔ፤ ጉባኤው ላይ የማልገኘው ለምንድን ነው?» አጠገቤ የተቀመጠችውን ጎረቤቴን ዞር ብዬ ባያት ጣራ ጣራውን ታያለች። ሁሉንም ነግራታለች።

እሑድ ታክሲው በር ላይ አደረሰን። ከታክሲው እስከ አዳራሹ ያለችውን መንገድ አራት ጊዜ እየቆመች ሄደች። ጎረቤቴና እኔ ደግፈናት ገባን። ሰው ሁሉ ተነሳ። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቀ። ሊቀ መንበሩ «እማማ፣ ለምን ተቸገሩ…» ብሎ ሊጀምር አላስጨረሰችውም።

«አንተ ልጅ» አለችው። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው! «እናትህ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ድስት ያማሰልኩት እኔ ነኝ። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ እማማ።»

«የሱንም አባት» አለች የአምስት ልጆቹን አባት እያየች፤ «እግሩን አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ፣ ወንዶቹ ሸሽተው። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥር አይደለም። ልጄን በሬሳዬ ስላስፈራራችኋት ነው። ገና ያልሞትኩ ሰው ሬሳ ማን ሰጣችሁ? መዝገቡን አምጣ።»

ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«አምጣ እንጂ! ሰርዘኝ። ከዚህ በኋላ ሬሳዬ የኔ ነው፤ የትም ልውደቅ። ልጄ ግን ያላጠፋችውን አጥፍቻለሁ አትልም፤ እንዲያ አድርጌ አላሳደግኳትም።»

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይተላለፍ» አለ። ያ ባልየው ሊናገር ሲነሳ ሚስቱ ከኋላ «ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ። ይህንን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እኔ አለቀ ብዬ እማዬን ልደግፍ ብድግ ስል እጄን መለሰችው። «የት ነው? ገና መቼ ጀመርን» አለች። ከነጠላዋ ሥር መጽሐፍ አወጣች። ከአራቱ ካርቶን ውስጥ አንድ ብቻ ለማንም ያላነበብኩት መጽሐፍ ነበር፤ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ሥር ደብቄው ነበር። ሽፋኑ ላይ ትልቅ ቀይ ልብ ተስሏል።

«ፊደል ባልቆጥር ሥዕል አያለሁ» አለችኝ። «ደም ግፊት ነው አልሽኝ። ለደም ግፊት ማን መጽሐፍ ይደብቃል?»

አፈርኩ። ኮሚቴውን ስሰድብ የከረምኩት፣ ለሰው ሁሉ ዕውቀት ይገባዋል እያልኩ አዳራሽ ያናጋሁት እኔ፣ የገዛ እናቴን ልብ ከገዛ እናቴ ሸሽጌያለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ መጽሐፉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። «እማዬ፣ ቤት እንሂድና…» አልኩ።

«እዚሁ። ለሌላው ሁሉ እዚህ አይደል የምታነቢው? እኔ ምን የተለየ ነገር አለኝ?»

ተቀመጥኩና ገለጥኩት። ለመውጣት ተነስቶ የነበረው ሊቀ መንበር ተመልሶ ቁጭ አለ። ልብ ቡጢ የሚያህል ጡንቻ መሆኑን አነበብኩ፤ እማዬ እጇን ጨበጠችና ቡጢዋን አየችው። ሌት ተቀን እንደማያርፍ አነበብኩ። ሲደክም ውኃው ወደ እግር እንደሚወርድ፣ ተኝቶ መተንፈስ እንደሚያስቸግር አነበብኩ፤ ያበጠ እግሯን እያየች ራሷን ነቀነቀች፣ ስለ ንቡ ሳነብላት ታደርግ እንደነበረው። «አሃ!» አለች። «ለዚህ ነው በትራስ ተደግፌ የማድረው።» ከዚያ ልብ ደክሞ ደክሞ ስለሚቆምበት የሚናገረውን ቀጣዩን አንቀጽ ቀድሜ በዓይኔ አየሁትና ቆምኩ።

«ስንት ጊዜ ይቀረኛል ይላል?» አለችኝ።

«አይልም እማዬ።»

«እንግዲያው ምን አስቆመሽ? ቀጥይ።»